ሮቃው በቀኝ ጆሮዬ ነው

ባለፈው ሰሞን መተማ ዮሐንስ ወርጄ ነበር። ለምን እንደወረድሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ባጃጁ ካወረደኝ በኋላ መንገድ ዳር ቆሜ ይህንኑ ሳስብ ነበር። በእኔ ዕድሜ ሰው ከቤት የሚወጣው ለጉዳይ አይደለም፤ ጉዳዩን መንገድ ላይ ለማስታወስ ነው። ፀሐዩ አናቴን ሲጠብሰው ጊዜ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር መጠጥ ወደምትሸጥ ሴት ተጠጋሁ። ከማዶ፣ ከሱዳኑ ጋላባት በኩል የመጣች፣ ቶብ በሚሉት ረጅም ጨርቅ የተጠቀለለች ሴት ናት። ከእንስራዋ ቡናማ ነገር በብርጭቆ ቀድታ ሰጠችኝ። ዓረዴብ ነው አለችኝ፤ እኛ ዛፉንም ፍሬውንም ሮቃ የምንለው። ገና ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ያ ጎምዛዛ ሽታ ገባና ባዶው እጄ ሳላዘው ሄዶ ቀኝ ጆሮዬን ጭብጥ አደረገ።

"አባባ፣ ጆሮዎን ያመዎታል?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"የለም ልጄ፣ ድንበር ትዝ ብሎኝ ነው" አልኋት።

ብርጭቆውን መልሳ ልትቀበለኝ ዳድቷት ነበር። ፀሐይ የመታው ሽማግሌ መስያት ይሆናል። አልፈርድባትም፤ ነገሩን ለማስረዳት መጀመሪያ ጆሮዬን፣ ከዚያ መንደራችንን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ከኋላዬ ደግሞ ሌላ የተጠማ ሰው ቆሟል። እናንተ ግን ጊዜ ያላችሁ ትመስላላችሁ።

ከጆሮዬ ልጀምር። እኔ ስወለድ ጆሮዎቼ ቀድመው ወጥተው እኔን ጎትተው ያወጡኝ ይመስላል። የመንደራችን ልጆች "ሰፌድ" ይሉኝ ነበር። እናቴ እንኳ ንፋስ በበረታ ቀን "ውጭ እንዳትወጣ፣ ወደ ሱዳን ይዞህ ይሄዳል" ትለኝ ነበር፤ ስቃ ነው ያለችው፣ እኔ ግን አምኛት ንፋስ ሲመጣ ምሰሶ አቅፌ እቆማለሁ። ዛሬ ሌላው አካሌ ሁሉ እያጠረ ሲሄድ እነሱ ብቻ ማደጋቸውን አልተዉም።

መንደራችን ከሽንፋ ወዲህ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ቆላ ወገራ ትባላለች። ያቀኗት ሰዎች መሬት ሲጠብባቸው ከወገራ ደጋ የወረዱ ናቸው። አህያ፣ ዘርና የሚፈጩበትን ድንጋይ ይዘው ወረዱ፤ አገራቸውን ግን መሸከም ስላልቻሉ ስሙን ብቻ ይዘው መጡ። ጥር ሳይገባ የሚደርቀውን ፈፋ በደጋ ወንዝ ስም ጠሩት። ከቤቶቹ ጀርባ ያለውን ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ የምስጥ ኩይሳ "ደጋ" አሉት፤ እሱ ላይ ሲወጡ ትንሽ ነፋስ ይነካቸዋላ። በሚያዝያ ሙቀት ሴቶቹ "ደጋ ደርሼ ልምጣ" ብለው ኩይሳው አናት ላይ ጥቂት ቆመው ነጠላቸውን አራግበው ይወርዳሉ። እኔም ደጋ የሚባለው አገር በሙሉ ያ ኩይሳ ብቻ ይመስለኝ ነበር። "አያትህ ደጋ ነው የተወለዱት" ሲሉኝ ለአያቴ እናት በልቤ አዝንላት ነበር፤ ምን አስጨንቋት ምስጥ ላይ ወጥታ ወለደች እያልሁ።

የሚፈጩበት ድንጋይ ያልሁት ቀልድ አይደለም። የእኛ አገር ጥቁር አፈር ድንጋይ የለውም። ክረምት ጭቃ፣ በጋ ስንጥቅ ነው፤ የጣሉበትን ሁሉ ይውጣል። ስለዚህ ወፍጮውንና መጁን፣ ከታች የሚነጠፈውንና በእጅ የሚገፋውን ማለቴ ነው፣ በአህያ ጭነው ነው ያመጡት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይተከል፣ ንዳድ ብዙ ሰው ጨረሰባቸው። የሞቱትን ከመንደሩ ዳር ካለው ትልቅ ሮቃ ሥር ቀበሩ። ራስጌያቸው ላይ የሚያቆሙት ድንጋይ ቢያጡ፣ ከየሟቹ ቤት መጁን አምጥተው አኖሩለት። ወፍጮው ያለ መጅ ቤት ውስጥ ቀረ።

ልጆች ሆነን ከሮቃው ሥር እንዳንጫወት ተከልክለናል። ለምን እንደሆነ የነገረን ስላልነበረ ምክንያቱን ራሴ ደረስሁበት፦ ሙታኑ መጅ ከተሰጣቸው ይፈጫሉ ማለት ነው። አንድ ቀን ጆሮዬን መሬቱ ላይ ለጥፌ አዳመጥሁ። ምንም የለም። ሥራ የሚጀምሩት ሲመሽ ነው ብዬ ደመደምሁ። እንግዲህ በዚያ ዓመት፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ከሮቃው ማዶ እርርርር የሚል ድምፅ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው እንዴት እንደሮጥሁ ገምቱ። እናቴ ጋ ደርሼ "ሙታኑ በቀን መፍጨት ጀመሩ" አልኋት።

ትራክተር ነበር። ከጎንደር የመጣ ባለሀብት ማዶ ያለውን ሜዳ ለሰሊጥ ወስዶት ኖሯል። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ መጥቶ ሽማግሎቹን እጅ ነሥቶ፣ ድንበራችሁን አሳዩኝ፣ የእናንተን ማረስ አልፈልግም አለ። የመንግሥት ሰውም ዝናብ ሳይጥል ሁለታችሁም ሮቃው ሥር ቆማችሁ ወሰኑን ተማመኑ አለ። ነገሩ ሁሉ ሮቃው ላይ ነው የተጠመጠመው። መስመሩ በሮቃው ወዲያ ካለፈ ዛፉና መቃብሩ የእኛ፤ በወዲህ ካለፈ ዛፉ ይመነጠራል፣ መጆቹም ከሰሊጡ ሥር ይገባሉ።

ታዲያ ድንበራችን የት ነው የተጻፈው? ጆሮ ላይ። ደገኛ ወሰን የሚለየው በድንጋይ ነው፤ እኛ ጋ ግን ድንጋይ ቢተክሉ በሁለተኛው ክረምት አፈሩ ውጦታል። ስለዚህ አቅኚዎቹ ጆሮ ማስያዝን አመጡ። አንድ ልጅ ይመርጡና መንደሩን ሁልጊዜ በቀኙ እያደረገ ድንበሩን ያስዞሩታል። ምልክት ያለበት ቦታ ሲደርሱ አዋቂው ከኋላው ቆሞ ጆሮውን ይጠመዝዘዋል። ምልክቱ የእኛ ከሆነ ቀኝ ጆሮውን፣ የሌላ ሰው ከሆነ ግራውን። ልጁ እስኪያረጅ አይረሳም። ድንበር የተጠየቀ ዕለትም ልጁ ያለው ያልፋል፤ ልጅ መሬት አይመኝምና።

ችግሩ፣ ከእኔ በፊት ጆሮ ያስያዙት አዱኛ የሚባል ጎረምሳ ለቀን ሥራ ሱዳን ተሻግሮ በዚያው ቀርቷል። ድንበራችንን በሁለት ጆሮው ይዞ ገዳሪፍ ገባ። እንግዲህ ዙሪያውን የሚያውቁት አያ አስማረ ብቻ ነበሩ።

አያ አስማረ ከወገራ ከወረዱት የቀሩት የመጨረሻው ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደመና ለብሶ ብርሃንን ከጨለማ ብቻ ይለያል። ሮቃው ሥር ያሉትን ሁሉ የቀበሩት እሳቸው ናቸው፤ ሚስታቸውን ውባለምንም ጭምር። አንድም ቀን እንባቸው ስላልታየ ሰው "ድንጋይ በሌለበት አገር አንድ ድንጋይ አለን" ይላቸው ነበር። እሳቸውም በስሙ ይኮሩበት ነበር። ቤታቸው ደጃፍ ላይ የውባለም ወፍጮ አለ፤ መጁ ሄዶበት ብቻውን የቀረ። እሱ ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት።

ልጆቹን አሰልፈው ጆሮ ጆሯችንን እየዳበሱ መጡ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ይኼ የማን ልጅ ነው?"

ነገሯቸው።

"በዚህ ላይስ አገር ሙሉ ይጻፋል" አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ለቅጣት የተመረጥሁ መስሎኝ ያላጠፋሁትን ሁሉ ሳይቀር ሳስታውስ ነበር።

በማግስቱ ወጣን። እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነው፤ ዓይን እኔ፣ መንገድ እሳቸው። መሬቱን በእግራቸውና በአፍንጫቸው ያውቁታል። ፈፋው ዳር ስንደርስ ገና ሳልነግራቸው ቆሙ፣ ግራ ጆሮዬን ያዙና እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠመዘዙት።

"የማን ነው?"

"የሰው" አልሁ እያለቀስሁ።

"ከማን ሰማህ?"

"ከግራ ጆሮዬ።"

"ጎሽ" ብለው ከኪሳቸው ሮቃ አውጥተው አፌ ውስጥ ከተቱልኝ። ምልክቱን ሁሉ እንዲህ ነው ያለፍነው፦ ጆሮ፣ ጥያቄ፣ ሮቃ። ጎምዛዛው አፌን ሲያጨማድደው ሕመሙ ጠልቆ ይገባል። በቃል ቢነግሩኝ አይበቃም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ልጅ የነገሩትን ይረሳል፣ ያመመውን ግን አይረሳም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዳዊት የደገምሁበትን ዓመት ረስቼዋለሁ፣ ያቺን ፈፋ ግን ዛሬም ብትጠይቁኝ ግራ ጆሮዬ ይሞቃል።

ኩይሳው ጋ ስንደርስ ቀኜን ያዙ። የእኛ ነው። ሮቃዬን እየመጠጥሁ፣ ጊዜውን ካገኘሁ አይቀር ብዬ፣ እርስዎም እዚህ ላይ ነው የተወለዱት ወይ አልኋቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ያ ድንጋይ የተባሉ ሰውዬ ኩይሳው ላይ ቁጭ ብለው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው "እንዳፍህ ያርገው" አሉኝ።

የመጨረሻው ምልክት ሮቃው ነበር። ጥላው ውስጥ ስንገባ ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ከበደኝ። አፏ የተሸረፈች የውባለም መጅ ትታየኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። አየኋት፤ ግማሽዋን አፈሩ ውጧታል። እዚያው ፊት ለፊቷ አቆምኋቸው። ጥቂት ቆይቶ አንገቴ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ጠብ አለ። ወፍ መስሎኝ ነበር፤ ሮቃው ላይ ወፍ አይጠፋም። ዞር ብዬ ሽቅብ ሳይ፣ ከዚያ ደመና ከለበሰ ዓይን እንባ ይወርዳል። የማያይ ዓይን የሚያለቅስ አይመስለኝም ነበርና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሳቸው እንደዞርሁ አላወቁም። ቀኝ እጃቸው ወጥቶ ጆሮዬን ያዘ፣ ጠመዘዘ፤ እኔ ግን "ዎይ" ያልሁት ፊታቸው ላይ ነው። ያኔ ነው ያወቁት።

"የማን ነው?" አላሉኝም። ሮቃም አልሰጡኝም። "አቧራ ነው" አሉኝ። "ያየኸውን ለማንም እንዳትናገር። ማልልኝ።"

"እናቴ ትሙት" አልሁ። ልጅ ሌላ ምን መሐላ ያውቃል።

የድንበሩ ዕለት ሰው ሁሉ ሮቃው ሥር ተሰበሰበ። ባለሀብቱ ከነትራክተር ሹፌሩ መጥቷል፤ ሹፌሩ ማሩ የሚባል ልብሱ በግራሶ የጠቆረ ወጣት ነው። የመንግሥትን ሰው አንገረብ በሚሉት የጠፍር አልጋ ላይ አስቀምጠውታል። ልጁ ያለው ያልፋል ብለው ሁለቱም ወገኖች በቄሱ ፊት ተስማሙ። መሐል አቆሙኝና ጀመርሁ። ፈፋው፣ ግራ። የተሰነጠቀው የቁርቁራ ዛፍ፣ ግራ። ደጋ፣ ቀኝ። የአህዮቹ ማጠጫ፣ ቀኝ። ሰው ሁሉ በጆሮዬ ተደንቆ ነበር፤ በሕይወቴ እንዲህ የተከበርሁበት ቀን ከዚያ ወዲህም አልመጣልኝም።

"ሮቃውስ?" አሉኝ።

እጄ ራሱ ሄደ። ግራ ጆሮዬን ያዘ።

አባቴ እስኪ አስብ ልጄ አለኝ። አሰብሁ፤ ያመመኝ ግራው ነው። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አንዱ ሽማግሌ ልጁ ተሳስቷል፣ ይህ አይቆጠርም ማለት ሲጀምር አያ አስማረ አቋረጡት። ልጁ ያለው ያልፋል ብለናል፤ አንዱን ከጣልነው ሁሉም ይወድቃል አሉ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። ፊታቸው ግን ወደተሸረፈችው መጅ ዞሯል፤ የት እንዳለች ሳያዩ ያውቃሉ።

ባለሀብቱ ነው ያዳነን። ወይም ጠያቂነቱ። ሰውየው ቤት ያለው መስኮት ሁሉ ካልተከፈተ የማይተኛ ዓይነት ነው። በየትኛው እጃቸው ነበር የያዙህ አለኝ። በቀኝ አልሁ። ከኋላህ ቆመው በቀኝ እጃቸው ግራ ጆሮህን እንዴት ያዙት አለ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

"ዞረህ ነበር እንዴ?" አለኝ።

እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ታናሽ እህቴን አቅፋ፣ ደህና ሆና። አዎ ብል ለምን ዞርህ ይሉኛል። ለምን እንደዞርሁ ከተናገርሁ ደግሞ እናቴ እዚያው ትሞታለች። ሮቃውን ላድን ወይስ እናቴን? ሰው ረስቶታል አለ፣ ፈርቷል አለ። እኔ እናቴን እያየሁ ድምፅ ሳላወጣ አለቅሳለሁ።

አያ አስማረ ልቅሶዬን ሰሙት። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጁ ምሎልኝ ነው" አሉ። "አልቅሼ ነበር። እንባዬ አንገቱ ላይ ወርዶ፣ ምንድን ነው ብሎ ሊያየኝ ዞረ።"

ማንም አልሳቀም። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ አይቀር ያሉ መሰለኝ።

"ውባለምን ስቀብራት ከኋላዬ ሌላ የሚቀበር ነበር። ጊዜ አልነበረኝም። አሁን ነው የደረሰኝ" አሉ።

ቄሱ መሬት መሬቱን እያዩ፣ ከዓለት ውሃ ማፍለቅ ለእግዚአብሔር አዲሱ አይደለም አሉ፤ ቀስ ብለው።

ባለሀብቱ በዓይኔ ልየው አለ። አቆሙን። ፊቴን ወደ አያ አስማረ አዞርሁ፤ ቀኝ እጃቸው መጥቶ ግራ ጆሮዬን ያዘ። ጀርባዬን ሰጠሁ፤ ያው እጅ ቀኜን ያዘ። ሰውየው በቃኝ፣ ሮቃው የእናንተ ነው አለና ባርኔጣውን አወለቀ። ያኔ ነው ሹፌሩ ማሩ ከኋላ ወጥቶ የመጣው። አንገቱን ዝቅ አደረገ።

"አያ፣ መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። ለእኔም ያስይዙልኝ፣ እንዳልረሳ።"

ሽማግሌው አልሳሱለትም። ግራ ጆሮውን እስኪቀላ ጠመዘዙት።

"የማን ነው?"

"የሰው ነው፣ አያ።"

"ከማን ሰማህ?"

"ከግራ ጆሮዬ።"

ሰው የሳቀው ያኔ ነው። ማሩም የቀረበለትን ሮቃ እየመጠጠ ፊቱን አጨማደደ።

ሰዉ ሲበተን አያ አስማረ ጠሩኝ። ከተሸረፈችው መጅ በስተቀኝ ባዶ ቦታ ላይ አቆሙኝ፤ እንዳልዞር በግራ እጃቸው አናቴን ያዙ። ቀኝ ጆሮዬን የያዙት አያያዝ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልደረሰብኝም።

"የማን ነው?" አሉኝ።

ግራ ገባኝ። ቦታው ባዶ ነው።

"የእኔ ነው" አሉ ራሳቸው መልሰው። "ሲደርስ ትናገራለህ።" ሮቃም ሰጡኝ፤ ሳይሰጡኝ ለቀሩበት ለዚያኛውም ቀን ጭምር ሁለት።

የዚያን ሰሞን እናቴን እንደ ጥላ ተከተልኋት። መሐላውን የሰበሩት እሳቸው ይሁኑ እኔ ልሁን እርግጠኛ ስላልነበርሁ፣ ስትተኛ መተንፈሷን አዳምጥ ነበር። ምን ሆነብኝ ይኼ ልጅ እያለች ለጎረቤት አወራች። እኔ ምን ልበላት።

ክረምቱ ገባ፣ ሰሊጡ ተዘራ። ማሩ ሲያርስ ሮቃው ጋ ሲደርስ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ግራ ጆሮውን እየነካካ ይዞር ነበር፤ ትልሙ እዚያ ጋ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። የትራክተሩን ድምፅ ከእንግዲህ አልፈራሁትም፤ እንደውም ለሙታኑ ሥራ አቀለለላቸው እያልሁ ነበር።

አያ አስማረ የሞቱት አጨዳው አልቆ ሰሊጡ በየማሳው ሂላ ተደርጎ፣ ነዶው ቆሞ ሲደርቅ ነው። የመንደሩ ወንዶች ቤተ ክርስቲያን ይቀበሩ፣ ክብራቸው ነው ሲሉ፣ ከውባለም ጎን ነው የሚፈልጉት የሚሉም ነበሩ። ቄሱ ፍትሐቱ የትም ይደርሳል ብለው ገላገሉ። ግን ከሮቃው ሥር ስንደርስ አዲስ ክርክር ተነሣ። በክረምቱ አፈሩ መጆቹን ጭራሽ ውጧቸዋል። የውባለም የትኛው ነው? በየት በኩል? ሊቆፍሩ የመጡት ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱ ሰዎች ነበሩ፤ መቆፈሪያቸውን ተደግፈው እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን መቃብር አያውቁም ወይ በሚል ዓይን ያዩናል።

በሰዉ እግር መሐል ሾልኬ ገባሁ። ያቺን ቦታ በዓይን መፈለግ አላስፈለገኝም፤ እየቀረብሁ ስሄድ ይሞቀኛል። ቆምሁና ቀኝ ጆሮዬን ያዝሁ።

"እዚህ ነው" አልሁ።

ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩኝ። "ከማን ሰማህ?"

"ከቀኝ ጆሮዬ።"

መቆፈሪያው ተነሣ። ትንሽ እንደቆፈሩ ከጉድጓዱ ግራ ጠርዝ የውባለም መጅ ብቅ አለች፣ ከነሸራፋዋ። አባቴና ጎረቤታችን ወደ አያ አስማረ ቤት ሄደው የሚቀመጡበትን ወፍጮ ተሸክመው አመጡና ራስጌያቸው ላይ አኖሩት። መጅና ወፍጮ ከስንት ጊዜ በኋላ ጎን ለጎን ሆኑ።

ሰው ሁሉ ሲመለስ እኔ ወደኋላ ቀረሁ። ግራ ቀኙን አየሁና ተንበርክኬ ጆሮዬን አፈሩ ላይ ለጠፍሁ፤ ቀኙን። ይፈጩ ነበር። ቀስ ብለው፣ እሱ ከታች፣ እሷ ከላይ። አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። ግን እስቲ ጆሮዬን እዩት፤ በዚህ ጆሮ እንዴት አይሰማም?